«ለጊዜው በራስሽ ጂሜይል ክፈችው» ያመጣው ጣጣ

መቼም በዚህ ገጽ ያልተነሳ ጉድ የለም። የከዳ ፍቅረኛ አንስተናል፣ ነገረኛ አማት አንስተናል፣ ደመወዙን ቤት ሳያደርስ ስለሚጨርስ ባልም ብዙ ብለናል። የዛሬው ደብዳቤ ግን ለየት ይላል። ፍቺ ነው፤ ነገር ግን የሠራተኛና የመሥሪያ ቤት ፍቺ ነው። የተጣሉበት ንብረትም ቤት ወይም መኪና ሳይሆን በእጅ የማይጨበጥ ነገር ነው፤ «ክላውድ» ወይም ደመና የሚሉት ላይ የተቀመጠ ፋይል። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ቢሮ የምትሠሩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ደብዳቤውን ጥቂት አሳጥረን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

* * *

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ዕድሜዬ 26 ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተቀጠርኩት የሕንፃ ዲዛይን በሚሠራ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ ነው። ስድስት ሰዎች ነበርን። የገባሁ ሰሞን አለቃችን ‹ፋይላችን በየፍላሹ ተበታትኗል፤ አንቺ ኮምፒውተር ትችያለሽ፣ ጉግል ድራይቭ ላይ አንድ ቦታ ሰብስቢልን› አለኝ። ‹በየትኛው ኢሜይል ልክፈተው?› ብዬ ጠየቅኩት። ‹ለጊዜው በራስሽ ጂሜይል ክፈችው፣ በኋላ እናስተካክለዋለን› አለኝ። ያ ‹ለጊዜው› ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።

ሁሉ ነገር እዚያ ገባ። ፕላኑ፣ የሥራና የዋጋ ዝርዝሩ፣ ከደንበኞች ጋር የተፈረመው ውል፣ የጨረታ ሰነዱ፣ ሁሉም። በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሲሞላ ተጨማሪ ቦታ ያስገዛሁት አሜሪካ ያለችው እህቴ በካርዷ እየከፈለችልኝ ነው። ‹ይመለስልሻል› ይሉኛል፣ አንድ ቀን ተመልሶልኝ አያውቅም።

በመጨረሻ ‹ፕሮጀክቱ ሲከፈለን እንከፍላችኋለን› እየተባለ የሁለት ወር ደመወዜ ተያዘ። እኔም የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ለቀቅኩ። ገንዘቤን ስጠይቅ አለቃችን ‹አንቺ መጀመሪያ ፋይሉን አስረክቢ፣ ስለ ገንዘቡ በኋላ እንነጋገራለን› አለኝ። የእሱን ‹በኋላ› ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ።

እጮኛዬ ‹ምን ያለማምጥሻል? ቁልፉ ያለው አንቺ እጅ ነው። አንድ ጊዜ ዝጊባቸው፣ እግርሽ ሥር ይመጣሉ› አለኝ። ማክሰኞ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ ገባሁና የአምስቱንም ስም አንድ በአንድ አጠፋሁት። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ አለቃዬ ስልኬን ሲያጮኸው ዋለ፤ አላነሳሁለትም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። እንደ ታላቅ እህቴ የማያት ሴት ናት፤ አውቶካድ እንኳ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ‹የአርቡን ጨረታ የምሠራው እኔ ነኝ። ካልደረሰ የሚባረረው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ምን በደልኩሽ?› ትላለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።

ፋይሉን ብመልስ ገንዘቤ ውሃ ሊበላው ነው። ባልመልስ ደግሞ ያቺን ሴት በምን ዓይኔ አያታለሁ? አለቃዬ ‹ፓስወርዱን ላኪልኝና እንገላገል› ይላል። እዚያው አካውንት ላይ ግን የእኔ የግል ፎቶ፣ የእናቴ የሕክምና ወረቀት ሁሉ አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ ነኝ»

* * *

መጀመሪያ በሩን ክፈቺ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ሐሙስ ጠዋት እንደደረሰን ጋዜጣው እስኪወጣ ሳንጠብቅ አጭሩን መልስ ልከንልሽ ነበር። «ዛሬውኑ ክፈችላቸው፣ ፓስወርድሽን ግን ለማንም አትስጪ» የሚል ነበር። ረጅሙ መልስ ይኸውልሽ።

መናደድሽ አያስገርምም። ላቡን አፍስሶ የሁለት ወር ደመወዝ የተቀማ ሰው ቢቆጣ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ማክሰኞ ማታ የዘጋሽው በር የአለቃሽን ብቻ አይደለም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ? ሣሩ ያቺ አውቶካድ ያስተማረችሽ ሴት ነች። አለቃሽ ጨረታው ቢያመልጠው ሌላ ጨረታ ይጠብቃል። እሷ ግን የወሩን የቤት ኪራይ ነው የምታስበው።

ሌላም አለ። ፋይሉ የተቀመጠው በአንቺ አካውንት ነው ማለት ፋይሉ የአንቺ ነው ማለት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠራተኛ በቅጥር ሥራው ላይ እያለ የሠራው ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ መብቱ የአሠሪው እንደሆነ ይደነግጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ የሌላን ሰው መረጃ ማጥፋትን፣ መብት ያለው ሰው እንዳያገኘው ማድረግንም በወንጀል ይመለከታል። «እኔ እኮ የራሴን አካውንት ነው የዘጋሁት» ብለሽ ልትከራከሪ ትችያለሽ። ግን ከሳሽ ሆነሽ መቆም ስትችይ ለምን ተከሳሽ ሆነሽ ትቆሚያለሽ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።

ለእጮኛሽም አንድ ቃል። ስለተቆረቆረልሽ እናመሰግነዋለን። ግን «ዝጊባቸው» ብሎ የመከረ ሰው ነገ ፖሊስ ጣቢያ ቃል ስትሰጪ ከጎንሽ ወንበር አይሰጠውም።

ቁልፍ የያዘና ቤቱ የእሱ የሆነ

አሁን ሁላችሁም አንባቢያን ጠጋ በሉ፤ ይህ ለእሷ ብቻ አይደለም።

«ደመና» የሚለው ስም ሰውን ያሳስተዋል። ፋይላችሁ ሰማይ ላይ አይንሳፈፍም። የሆነ አገር፣ በትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ በተደረደሩ ማሽኖች ላይ ነው የሚቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ድሮፕቦክስን ከመሠረቱት አንዱ ድሩ ሂውስተን ሐሳቡ የመጣለት ከቦስተን ወደ ኒውዮርክ በአውቶቡስ ሲሄድ ፍላሹን ቤት ረስቶ በመውጣቱ እንደሆነ ይናገራል። ጉግል ድራይቭ እ.ኤ.አ. በ2012 መጣ። ከፍላሽ መጥፋትና ከቫይረስ ገላገሉን፤ እውነት ነው። አንድ አዲስ ጣጣ ግን ይዘው መጡ፤ የባለቤትነት ጣጣ።

ጉግል ድራይቭ ላይ አራት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው ማየት ብቻ የሚችል ነው፣ ቪወር ይሉታል። ሁለተኛው አይቶ አስተያየት የሚጽፍ ኮሜንተር ነው። ሦስተኛው ገብቶ የሚያስተካክል ኤዲተር ነው። አራተኛው ባለቤቱ፣ ኦውነር ነው። ሦስቱ ቁልፍ እንደተሰጠው ተከራይ ናቸው። ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት ቁልፉን ይቀማል። ፋይሉን ያጠፋው እንደሆነ ደግሞ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ይቆይና ከዚያ በኋላ ለዘለዓለም ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፎልደር ከፍታችሁ አምስት ሰው ብትጋብዙ፣ ሁሉም የየራሱን ፋይል እዚያ ቢያስቀምጥ፣ ፎልደሩ የእናንተ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፋይል የፈጠረው ወይም የጫነው ሰው ነው። ያ ሰው አካውንቱን ቢዘጋ ፋይሉ አብሮት ይሄዳል። ቢሮው «የቢሮው ፎልደር» ይበለው እንጂ በግል አካውንት ላይ «ቢሮ» የሚባል ባለቤት የለም። ባለቤቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሊናደድ፣ ሊታመም፣ አገር ጥሎ ሊሄድ ይችላል።

ቢሮዎች ከፍለው በሚይዙት የሥራ አካውንት፣ ጉግል ዎርክስፔስ በሚሉት ላይ ግን «ሼርድ ድራይቭ» የሚባል ነገር አለ። እዚያ የገባ ፋይል የድርጅቱ ነው። ሠራተኛው ቢለቅ ፋይሉ እዚያው ይቀራል። በየፎቶ ቤቱ፣ በየማስታወቂያ ድርጅቱ፣ በየሒሳብ አዋቂው ቢሮ «በኋላ እናስተካክለዋለን» የተባለው ነገር ይኸው ነው። ፍቅር ሲሞቅ ውል ይረሳል፤ ፍቅሩ ሲበርድ ግን ሁሉም ወረቀት ፍለጋ ይሄዳል።

ርክክቡ እንዲህ ይሁን

እህቴ፣ በሩን ከከፈትሽ በኋላ የሚቀረው በሥርዓት መለያየት ነው። መሥሪያ ቤት ስትለቂ ወንበርና ካልኩሌተር እንኳ በቅጽ ታስረክቢ የለ? ፋይልም እንደዚያው ነው።

ፓስወርድ የሚባለውን ነገር እርሽው። የጂሜይልሽን ፓስወርድ መስጠት የቤትሽን፣ የመሳቢያሽንና የቦርሳሽን ቁልፍ አንድ ላይ አስሮ እንደ መስጠት ነው። በዚያ ኢሜይል ስንቱን ነገር ከፍተሻል? ፌስቡኩ፣ ቴሌግራሙ፣ የእናትሽ ወረቀት፣ ሁሉም ወደ እዚያው ይመራል። ሌላ መንገድ እያለ ይህ አያስፈልግም።

ቢሮው በራሱ ስም አዲስ አካውንት ይክፈት። ከዚያ ሁለት ምርጫ አለሽ። ፋይሉ ጥቂት ከሆነ፣ አዲሱም አካውንት ተራ ጂሜይል ከሆነ፣ ባለቤትነቱን እዚያው ድራይቭ ላይ ማዛወር ይቻላል። ሼር በሚለው ውስጥ ገብተሽ ከአዲሱ አካውንት ስም አጠገብ ባለቤትነት ማስተላለፊያውን ትመርጫለሽ፤ እነሱ «ተቀብያለሁ» ሲሉ ይዛወራል። እስኪቀበሉ ድረስ ባለቤቷ አንቺው ነሽ። ልብ በይ፣ ፎልደሩን ማዛወር ብቻውን በውስጡ ያሉትን ፋይሎች አያዛውርም። ደግሞም የተዛወረው ፋይል የአዲሱን ባለቤት ቦታ ስለሚይዝ 15 ጊጋባይቱ ላይበቃቸው ይችላል።

የሦስት ዓመት ፋይል ከሆነ ግን ሁለተኛው መንገድ ይሻላል። ሃርድ ዲስክ ይዘው ይምጡ፣ የቢሮውን ፎልደር በሙሉ አውርደሽ ገልብጪላቸው፤ እነሱ ወደ አዲሱ አካውንታቸው ይጫኑት። የግል ፎቶሽንና የቤተሰብሽን ወረቀት አስቀድመሽ ለይተሽ ሌላ ፎልደር ውስጥ አድርጊ። ጉግል ዶክስና ሺት ላይ የተሠሩት ሲወርዱ ወደ ወርድና ኤክሴል ስለሚለወጡ፣ ባልደረባሽ ጥቂቶቹን ከፍታ ትያቸው።

ከዚያ ወረቀት ይጻፍ። ምን ያህል ፎልደር፣ የየትኛው ፕሮጀክት፣ በምን ቀን እንደተረከቡ ተዘርዝሮ በሁለት ቅጂ ይፈረም፣ የቢሮው ማኅተም ይረፍበት፣ አንዱን አንቺ ያዢ። ለመፈረም እንቢ ካሉ የፎልደሮቹን ዝርዝር በኢሜይል ላኪላቸው፤ የተላከበት ቀን ራሱ ይመሰክርልሻል። ከፈረሙና ፋይሉ እንደሚከፈት ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ከአንቺ አካውንት ላይ አጥፊው። ለራስሽ ቅጂ ማስቀረትም አይገባም፤ እዚያ ውስጥ የደንበኞች ስም፣ ስልክና ውል አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ ይዞ መቀመጥ ቀልድ አይደለም። ለሥራ ማመልከቻ የምታሳዪው ናሙና ከፈለግሽ በጽሑፍ አስፈቅጂ።

ደግሞ ይህን ማጥፋት ለአንቺም ይጠቅምሻል። እህትሽ መክፈል ያቆመች ቀን ፋይሉ ከ15 ጊጋባይት በላይ ሆኖ ከቆየ የራስሽ ጂሜይል ደብዳቤ መላክም መቀበልም ያቆማል። አዲስ ሥራ ፈልገሽ «ለፈተና ነይ» የሚል መልእክት ሳይደርስሽ ቢቀርስ?

የላብሽ ነገር

«ታዲያ ገንዘቤስ?» ትይ ይሆናል። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት ይላል። ይሁንና ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ንብረት ሳያስረክብ ከዘገየ ይህ ጊዜ ሊራዘም ይችላል። አየሽ? «ያንበረክካቸዋል» ብለሽ የዘጋሽው በር ለአለቃሽ ያልነበረውን ምክንያት ሠራለት። ሐሙስ ብትከፍቺው ግን ምክንያቱ ከእጁ ይወጣል።

አስረክበሽ ካልከፈለሽ ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። ፍርድ ቤት ከዋናው ገንዘብ በላይ እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ እንዲከፍልሽ ሊያዝ ይችላል። ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍት ካለም ወደ ገንዘብ ተቀይሮ ይታሰብልሻል። የሥራ ክርክር ለሚያቀርብ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ግን አትዘግዪ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የቅጥር ውልሽን፣ የደመወዝ ማስረጃሽን፣ የመልቀቂያ ደብዳቤሽንና የርክክቡን ወረቀት ይዘሽ አንድ የሕግ ባለሙያ አማክሪ። እህትሽ የከፈለችበትን ደረሰኝም ከኢሜይሏ አስወጥተሽ ጨምሪበት።

እናንተስ?

ደብዳቤውን አንብባችሁ «እኔ እንኳ ተርፌያለሁ» ያላችሁ ካላችሁ እስቲ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና እዩ። የቢሮው ፋይል በማን ስም ነው? በእናንተ ከሆነ ነገ ጠዋት አለቃችሁን «ይህን ነገር እናስተካክል» በሉት። በሰላሙ ቀን ሲነሳ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሊንክ አላላክም ይታሰብበት። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ይየው» ተብሎ የተከፈተ ፋይል ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከወጣ በኋላ በር የሌለው ቤት ነው። የምናውቀው አንድ ቢሮ የሠራተኞችን ደመወዝ ዝርዝር እንዲህ አድርጎ ላከና በሳምንቱ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር የሥራ አስኪያጁን አበል ታወራ ጀመር። ሰውን በኢሜይሉ ጥሩ፤ ለማየት ብቻ የሚፈልገውን ማስተካከል አትፍቀዱለት። ኤዲተር የተባለ ሰው፣ ባለቤቱ ካልከለከለው በቀር፣ ሌላ ሰው መጋበዝም እንደሚችል አትርሱ። የለቀቀ ሠራተኛ ስም ደግሞ በዚያው ቀን ይነሳ። ክፋት አይደለም፣ ለእሱም ጥበቃ ነው፤ ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ «እሱ ነው» አይባልም።

አካውንታችሁ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አድርጉ። ማረጋገጫው የሚላክበት ስልክ ቁጥር ግን አሁን የምትይዙት ይሁን። የድሮ ቁጥር ላይ ተሰክቶ የቀረ አካውንት ስንቱን እንዳስለቀሰ እናውቃለን። ለሁለት ዓመት ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ጉግል ከነፋይሉ ሊያጠፋው እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል፤ ስለዚህ «የድሮ ፕሮጀክት» ብላችሁ የረሳችሁትን ጎብኙት።

በመጨረሻም፣ ደመናው ላይ አለ ብላችሁ አትተኙ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ለሳምንታት ስንት ቢሮ ፋይሉን እያወቀ ሳያገኘው ሰነበተ። ዋና ዋናው ነገር በሃርድ ዲስክም ይቀመጥ፤ ሃርድ ዲስኩም ኮምፒውተሩ አጠገብ ሳይሆን ሌላ ቤት ይደር።

ለአለቆችም አንድ ነገር እንበል። «ለጊዜው በራስሽ» ስትሉ የድርጅታችሁን ካዝና ከአንዲት ወጣት አልጋ ሥር ማስቀመጣችሁ ነው። አመነቻችሁ፣ ከኪሷም ከፈለች። ደመወዟን ይዛችሁ «ፋይሌን» ስትሉ ትንሽ ማፈር ነበረባችሁ።

* * *

ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ሳይገባ ደብዳቤ ጸሐፊዋ መልሳ ጻፈችልን። ሐሙስ ማታ ከፍታላቸዋለች። ባልደረባዋ ሌሊቱን ሠርታ የአርቡን ጨረታ አስገብታለች። «ስልክ ደወለችልኝና ምንም አላለችኝም፣ አለቀሰች ብቻ» ትላለች። አለቃው እስካሁን አልከፈለም። ሃርድ ዲስክ ግን ሰኞ ይዞ እንደሚመጣ ነግሯታል፤ እሷም የርክክቡን ቅጽ አዘጋጅታ እየጠበቀችው ነው። ሰባቱ የሥራ ቀናት ሲሞሉ ምን እንደተደረገ እንድትነግረን አደራ ብለናታል።

እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።